የሚታጠብ እግር፣ የሚያጥብ እጅ፦ ለዝሆኔ ሕሙማን መታጠቢያ ቤት የድጋፍ ጥሪ

በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ወገባቸውን ታጥቀው በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ያጥባሉ። «እኔ ጌታና መምህር ስሆን እግራችሁን ካጠብሁ፥ እናንተ ደግሞ እርስ በርሳችሁ እግራችሁን ልትተጣጠቡ ይገባችኋል» የተባለው ይፈጸም ዘንድ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ባለችው አጥቢያችን ግን በዚያ ዕለት እንኳ ወደ ሳፋው የማይቀርቡ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። እግራቸው በዝሆኔ አብጧል፤ ቆዳው ሻክሮ እባጭ አውጥቷል፤ በጣቶቻቸው መካከል የሚወጣው ፈሳሽ ይሸታል። ሰው እንዳይጸየፋቸው ብለው ከአጥሩ ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ። ለእነዚህ 60 ሕሙማን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ የእግር መታጠቢያ ቤት ለመሥራት ተነሥተናል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅልን። በእኛ ደጋ አገር ያለው ይህ ዝሆኔ እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። መነሻው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ነው። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ደቃቅ ብናኙ በቆዳ ውስጥ ያልፍና ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያቆስላል፤ ቧንቧው ሲጠብ እግር ያብጣል። በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው የሚታመመው በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ስላለና ሁሉም ያንኑ አፈር ስለሚረግጡ ነው። ስለዚህ «የዘር በሽታ አለባቸው» ተብለው ጋብቻ የሚከለከሉት ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጫማ ቢያደርጉና ማታ ማታ እግራቸውን ቢታጠቡ ከበሽታው ይጠበቃሉ። ማታ ማታ እግር ማቃጠል፣ በአውራ ጣትና በቀጣዩ ጣት መካከል ማሳከክ፣ አመሻሽ ላይ ማበጥና ጠዋት መጉደል የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። በዚህ ጊዜ የተያዘ እግር ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል።

ሕክምናው ውድ መድኃኒት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ውኃ፣ ሳሙናና በየቀኑ የማይሰለች እጅ ነው። እግሩ በመጀመሪያ በንጹሕ ውኃና በሳሙና፣ በየእጥፋቱና በጣቶቹ መካከል ሳይቀር፣ በለስላሳ ጨርቅ ይታጠባል። ከዚያ በ6 ሊትር ውኃ ውስጥ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 15 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ይጨመርና እግሩ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ሲወጣ በፎጣ ተጠቅጥቆ ይደርቃል፤ አይታሽም። ትልቁ ሥራ የጣቶቹ መካከል ነው፤ እዚያ እርጥበት ከቀረ ፈንገስ ይገባል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ባክቴሪያ ያልፋል። ከዚያ ቫዝሊን በስሱ ይቀባል፣ በጣቶቹ መካከል ግን አይቀባም። የጥጥ ካልሲና ጫማ ይከተላል። ማታ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ ቀን ሲቀመጡ ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስም የሕክምናው ክፍል ነው።

የሚበላሸው በምን እንደሆነም እናውቃለን። ቶሎ ይድናል ብሎ በረኪናውን ማብዛት ቆዳ ያቃጥላል። በድንጋይ መፈግፈግና እባጩን በምላጭ መቁረጥ ለቁስል በር ይከፍታል። ፋሻ ሲታሰር ከጣቶች ሥር ተጀምሮ ወደ ጉልበት እየወጣ፣ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን በግማሽ እየሸፈነ መጠቅለል አለበት። ከላይ ከተጀመረ ግን እብጠቱ ወደ ታች ይገፋል። በጣም የሚለጠጥ ፋሻ ሰው ተኝቶ ሳለ እንኳ እግር አንቆ ስለሚይዝ የምንጠቀመው ትንሽ ብቻ የሚለጠጠውን ነው። ደግሞ ድንገት ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት፣ የእግር መጋልና የብሽሽት ንፍፊት ሲመጣ ብዙ ሰው ምች ነው ብሎ ያልፈዋል። በዚህ ጊዜ ፋሻ አይታሰርም፤ እግር ከፍ ተደርጎ ይታረፋል፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ይደረጋል፣ ቶሎም ወደ ጤና ጣቢያ ይኬዳል። በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም 696 ታካሚዎች ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ይህ ቀላል እጥበትና ጫማ ትኩሳቱ የሚመላለስበትን ብዛት በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አልጋ ላይ የሚያስቀር ሕመም ስለሆነ ለገበሬ ይህ ማለት በእርሻና በአጨዳ ወቅት የሚተርፍ የሥራ ቀን ነው።

የምንሠራው ቤት 4 በ6 ሜትር ነው። ወለሉ የግድ ሲሚንቶ መሆን አለበት፤ የታጠበ እግር መልሶ ያንኑ ቀይ አፈር ከረገጠ ልፋቱ ከንቱ ነው። ውኃው እንዳይቋጥር በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ወደ ቦይ ይፈስሳል፤ ቦዩም ከጸበሉ በተቃራኒ አቅጣጫ ይወጣል። ለወለሉና ለመቀመጫው 10 ኩንታል ሲሚንቶ፣ ለጣሪያው 24 ቆርቆሮ፣ ለውኃው ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ያስፈልጋል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 20 ሰው ይስተናገዳል፤ ለአንድ ሰው 12 ሊትር ሲታሰብ በሳምንት 720 ሊትር ይሆናል። እዚህ የሚማሩትን በቀሩት ቀናት በቤታቸው ይቀጥላሉ፤ ስለዚህ አንድ ሰው በወር ሦስት ሳሙና፣ ግማሽ ሊትር በረኪናና ግማሽ ኪሎ ቫዝሊን ይዞ ይሄዳል። ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ አንድ ሳፋና አንድ ፎጣ ደግሞ አንድ ጊዜ ይሰጠዋል። የሚያጥቡት ዲያቆናትና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ናቸው። ጓንት የሚያደርጉት ክፍት ቁስል ላለበት ብቻ ነው። በቀረው ባዶ እጅ ይሁን ያልነው ለዓመታት ማንም ያልነካውን እግር የወንድም እጅ እንዲነካው ነው።

ጫማው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እባጭ ያለበት እግር በገበያ ቁጥር አይገባም፤ ጫማ ሰፊው እግሩን በካርቶን ላይ አስረግጦ ዙሪያውን ያሠምራል፣ የጣቶችን ሥር፣ የእግሩን ጀርባና የቁርጭምጭሚቱን ዙሪያ በሜትር ይለካል። ልኬቱ የሚወሰደው ከሦስት ወር እጥበት በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተሰፋ እብጠቱ ሲጎድል ጫማው ይላላና ተረከዝ ይልጣል። ያገለገለ ጫማ አትላኩልን፤ የሌላ ሰው እግር ቅርጽ ይዟል። ጫማ በደጅ ስለሚወለቅ ከማውለቂያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር የሚነጠፍ 30 ሜትር ሰሌንም እንፈልጋለን፤ ያኔ ከአጥሩ ሥር ያሉት በካልሲ እስከ ውስጥ ይዘልቃሉ።

«ያየውን ወንድሙን የማይወድ ያላየውን እግዚአብሔርን ሊወደው እንዴት ይችላል?» ይላል ዮሐንስ በመልእክቱ። የምትችሉትን ስጡን፤ የአንድ ሰው የወር ሳሙናም ይሁን አንድ ቆርቆሮ፣ የአንድ ቀን ጉልበትም ይሁን የአንድ ጥንድ ጫማ ማሰፊያ። በውጭ አገር ያላችሁ ወደ አገር ስትመጡ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ትንሽ ብቻ የሚለጠጥ ፋሻ ብትይዙልን እዚህ በቀላሉ የማናገኘውን ታመጡልናላችሁ። ገንዘብ የሚሰጠው ለሰበካ ጉባኤው ብቻ ሲሆን ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ወጪ የሚሆነው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ ሒሳቡም በየሦስት ወሩ በደጀ ሰላሙ ይለጠፋል። ሲሚንቶውና ቆርቆሮው እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ቢደርሱን ወለሉ ከሰኔ ዝናብ በፊት ይፈስሳል። ሳፋ የምትገዙ ደግሞ ጥልቀቱን እዩልን፤ ውኃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ካልደረሰ የታመመው ቆዳ ሳይዘፈዘፍ ይቀራል።