ከግዳጅ ሲመለሱ «ምንም የለኝም» ብሎ ፎርም መሙላት ይቅር

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ አሜሪካ ጦር ውስጥ ስለሚገቡ የሐበሻ ልጆች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ይላል። የምረቃው ፎቶ አለ፣ የዜግነቱ ጉዳይ አለ፣ የኮሌጅ ክፍያው አለ፣ የቤት ብድሩም አልቀረም። ስለ ጤናቸው ግን አንድ መስመር ፈልጌ አጣሁ። እኔ ሪዘርቭ (ተጠባባቂ ጦር) ውስጥ ሜዲክ፣ ማለትም የጦር የሕክምና ባለሙያ፣ ሆኜ አገልግያለሁ፤ አሁን ነርስ ነኝ። የቀረውን እኔ ልጨምርበት፤ ከረዘመባችሁ ቆራርጣችሁ አውጡት።

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልናገር። ልጆቻችን ከግዳጅ ሲመለሱ የጤና ፎርም ይሰጣቸዋል። ለጭስ ተጋልጠሃል ወይ? ጆሮህ ይጮሃል ወይ? እንቅልፍ ይነሳሃል ወይ? አብዛኞቹ ጥያቄውን ጨርሰው እንኳ ሳያነቡ «የለም፣ የለም፣ የለም» እያሉ ጠቅ ጠቅ አድርገው ይወጣሉ። ከዓመታት በኋላ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ወይም ጆሯቸው አላስተኛ ሲላቸው የቀድሞ ወታደሮችን የሚያክመውና ካሳ የሚከፍለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ቪኤ፣ ዘንድ ይሄዳሉ። እዚያ የሚጠብቃቸው ያው በገዛ እጃቸው የሞሉት ወረቀት ነው።

ይህ የእኛ ልጆች ጠባይ ብቻ አይደለም፣ ወታደር ሁሉ ያደርገዋል። አንደኛ፣ ሰውየው ወራት ሙሉ ቤቱን ሲናፍቅ ከርሞ፣ ሚስቱና ልጁ በር ላይ ቆመው እየጠበቁት፣ «አዎ» ካለ ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ ምርመራ ሊመጣ ነው ብሎ ይሰጋል። ሁለተኛ፣ ዕድገቴን ያበላሽብኛል፣ ሴኩሪቲ ክሊራንሴን፣ ማለትም ምስጢራዊ ሥራ ለመሥራት የተሰጠኝን ፈቃድ፣ ይነጥቁኛል ብሎ ይፈራል። የምክር አገልግሎት ማግኘት ብቻውን ክሊራንስ አያስነጥቅም፤ ወሬው ግን ከሕጉ ይበረታል። ሦስተኛው የእኛው የቤት ጣጣ ነው። ልጁ ሌሊት እየጮኸ ይነቃል፣ እናት ታውቃለች፣ አባት ያውቃል፣ ግን «ሰው ምን ይላል»። ጸበል ይወሰዳል። ጸበሉ መልካም ነው፣ እኔም እሄዳለሁ። ጸበል የገባ ልጅ ሐኪም ጋ እንዳይሄድ የከለከለ ግን የለም።

እነዚህ ፎርሞች ከየት መጡ ካላችሁ፣ ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 እና 91 ወደ 700,000 የሚጠጋ የአሜሪካ ወታደር ወደዚያ ዘመተ። ሲመለሱ ብዙዎቹ በድካም፣ በመገጣጠሚያ ሕመም፣ በመርሳት ተቸገሩ። ምን እንደነካቸው ለማወቅ ሲሞከር ከመሄዳቸው በፊት ጤናቸው እንዴት እንደነበር የሚያሳይ በቂ መዝገብ አልተገኘም። ደቡብ ኢራቅ ካሚሲያ በተባለ ቦታ በማርች 1991 የጦር መሣሪያ መጋዘን በፈንጂ ሲያወድሙ ውስጡ ሳሪን የተባለው የነርቭ መርዝ እንደነበረ የታወቀው በኋላ ነው። ፔንታጎን ወደ 100,000 ለሚጠጉ ወታደሮች «በትንሽ መጠን ተጋልጣችሁ ሊሆን ይችላል» ብሎ ደብዳቤ የጻፈላቸው ከዓመታት በኋላ ነበር። ማን የት ቆሞ ነበር? ማን ምን ተሰማው? ወረቀቱ ከሌለ ክርክር ብቻ ነው የሚተርፈው። ኮንግረስ በ1997 ሕግ አውጥቶ ከዘመቻ በፊትና በኋላ ምርመራ ይደረግ፣ ይመዝገብም አለ።

ስለዚህ ዛሬ በቁጥር የሚጠሩ ዋና ዋና ሦስት ፎርሞች አሉ። 2795 ከመሄድ በፊት ይሞላል። 2796 በሚመለሱበት ሰሞን፣ ከመመለሳቸው በፊት ወይም በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ። ሦስተኛው 2900 ነው፣ ከተመለሱ ከ90 እስከ 180 ቀን ውስጥ። ይህን ሦስተኛውን ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ሰው ደስተኛ ነው። ቤተ ዘመዱ ይሰበሰባል፣ ዶሮ ይሠራል፣ ቡና ይፈላል። ሳሉ፣ ቁጣው፣ እንቅልፍ ማጣቱ ብቅ የሚለው ሞቅ ሞቁ ሲያልፍ ነው። በሁለተኛው ፎርም ላይ «የለም» ያለ ልጅ በሦስተኛው ላይ እውነቱን መናገር ይችላል። ማንም ዋሽተሃል ብሎ አያስረውም።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፣ ከመሄዳቸው በፊት ወዳለው። ጦሩ አንድን ሰው «በጤና ዝግጁ» የሚለው ስለሮጠና ፑሽአፕ ስለሠራ አይደለም። በየዓመቱ የጤና ግምገማ አለ። ክትባት አለ፣ የደም ምርመራ አለ፣ መነጽር ለሚያደርግ ጋዝ ማስክ ውስጥ የሚገባ መነጽር አለ። ጥርስ አለ! ጥርስን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል፤ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለ፣ ማለትም በአንድ ዓመት ውስጥ ድንገት ሊያስቸግር የሚችል ጥርስ ያለው፣ እስኪታከም አይዘምትም። ሰው በጥርስ ይስቃል እንጂ፣ በረሃ መሃል መንጋጋው ያበጠ ወታደር ጥበቃ አይቆም፣ መኪና አይነዳ፣ ሌላ ሰው ነው የሚሸከምለት።

አገር ቤት ለተወለዱ ልጆች ደግሞ የተለየ ነገር አለ። አብዛኞቹ ሕፃን ሳሉ ቢሲጂ የተባለውን የቲቢ ክትባት ተከትበዋል። የቲቢ ምርመራው በቆዳ ሲሠራ ክንዳቸው አብጦ «አለብህ» ሊባሉ ይችላሉ፣ ክትባቱ ራሱ ስለሚያስቆጣው። በደም የሚሠራው ምርመራ ይህን ይለያል። እሱ ይሠራልኝ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሁለተኛው ጂ6ፒዲ የሚባለው የደም ኢንዛይም ነው። ከአፍሪካ፣ ከሜዲትራኒያንና ከእስያ በመጡ ሰዎች ላይ እጥረቱ በብዛት ይታያል። እጥረት ያለበት ሰው ፕራይማኩዊን የተባለውን የወባ መድኃኒት ከወሰደ ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈርሱ ይችላሉ። ጦሩ ይህን ይመረምራል። ልጁ ግን ውጤቱን ማወቅ አለበት፣ ምክንያቱም ነገ በሲቪል ኑሮውም ያስፈልገዋል።

ወባ ካነሳሁ አይቀር። «እኛ አፍሪካ ተወልደን ወባ ምን ያደርገናል» የሚሉ ልጆች ገጥመውኛል። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ወባ አይቶ አያውቅም! ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ ላይ ያደገ ሰው የምን መከላከያ? ቆላ ያደገም ቢሆን አሜሪካ ዓመታት ከኖረ የነበረችውም ትጠፋለች። በ2003 ክረምት ላይ ወደ ላይቤሪያ የተላኩትን ማሪኖች (የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደሮች) አስታውሱ። የብስ ከረገጡት 290 ሰዎች 80ዎቹ በወባ ታመሙ፤ እዚያ ካደሩት መካከል ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። የዓለም ሀብታሙ ጦር ነው ይህ። መድኃኒት ነበራቸው፣ ግን ብዙዎቹ በሥርዓቱ አልወሰዱትም፤ ልብሳቸው ፐርሜትሪን በተባለው ፀረ ትንኝ መድኃኒት አልተነከረም፤ አጎበርም አልዘረጉም። ለዚህ ነው የወባ መከላከያው ዶክሲሳይክሊን የታዘዘለት ልጅ ከወባማ አገር ከወጣ በኋላ ገና አራት ሳምንት መዋጥ ያለበት። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እናቱን አቅፎ ክኒኑን ቆሻሻ ቅርጫት የሚጥል አለ።

እናቶች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። በሶ፣ ሽሮ፣ ጭኮ ላኩ፣ ልጁ ይባርካችኋል። አሞክሳሲሊን ግን አትላኩ። ካለፈው ዓመት የተረፈ አንቲባዮቲክ በካልሲ ጠቅልሎ መላክ ፍቅር ቢሆንም፣ ሜዲኩ ምን እንደወሰደ ሳያውቅ ይቀርና በሽታው ይደበቃል። ጦሩ ለጉዞው የሚሆነውን መድኃኒት አስቀድሞ ይሰጣል።

እንግዲህ ጭሱ ላይ ልምጣ፣ ምክንያቱም ከባዱ እሱ ነው። ኢራቅና አፍጋኒስታን ውስጥ የጦር ሰፈሩን ቆሻሻ ጉድጓድ ቆፍረው ያቃጥሉት ነበር። ፕላስቲክ፣ ባትሪ፣ ጎማ፣ የሕክምና ቆሻሻ፣ ቀለም፣ ሁሉንም በአውሮፕላን ነዳጅ እያርከፈከፉ። ኢራቅ ውስጥ ባላድ በተባለው የጦር ሰፈር የነበረው በስፋቱ ስሙ የወጣ ነው። ድንኳኑ አጠገብ ያደረ ልጅ ጥቁር አክታ ይተፋ ነበር። ስንት ዓመት ቪኤ «ከጭሱ መሆኑን አረጋግጥ» ሲላቸው ኖረ! ሳንባህን ጭሱ እንዳበላሸው እንዴት ነው የምታረጋግጠው? በመጨረሻ ኦገስት 10 ቀን 2022 ፓክት አክት የተባለው ሕግ ተፈረመ። ሕጉ የተሰየመው በሳንባ ካንሰር በሞተው በሰርጀንት ፈርስት ክላስ ሂዝ ሮቢንሰን ነው፤ የኦሃዮ ናሽናል ጋርድ፣ ማለትም የክፍለ ግዛቱ ተጠባባቂ ጦር፣ አባል ነበር፣ ኢራቅ ዘምቷል።

የሕጉ ፍሬ ነገር ይህ ነው። በተዘረዘሩት አገሮች ያገለገለ ሰው ከተዘረዘሩት ከ20 በላይ ሕመሞች አንዱ ካለበት፣ ከአገልግሎቱ የመጣ ነው ተብሎ ይገመትለታል፤ መንስኤውን ማስረዳት አይጠበቅበትም። ከአገልግሎት በኋላ የመጣ አስም አለበት፣ የማይለቅ ሳይነስ አለበት፣ ብዙ ዓይነት ካንሰር አለበት። አገሮቹ ኢራቅና አፍጋኒስታን ብቻ አይደሉም። ኩዌት አለች፣ ኳታር፣ ባሕሬን፣ ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ኦማን፣ ዮርዳኖስ፣ ሶሪያ፣ ሶማሊያም አለች። ጅቡቲም አለች! የአሜሪካ የጦር ሰፈር ካምፕ ሌሞኒየር ያለባት፣ እኛ ከድሬዳዋ በባቡር የምንደርስባት ጅቡቲ። «እኔ እኮ ውጊያ አላየሁም፣ ኩዌት መጋዘን ውስጥ ነው የሠራሁት» የሚል ልጅ ሁሉ ይህን ይስማ። ውጊያ ማየት አልተጠየቀም። እዚያ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀትና የሐኪም ምርመራ ነው የተጠየቀው። ደግሞ ከማርች 5 ቀን 2024 ጀምሮ ለመርዝ የተጋለጠ ቬተራን (የቀድሞ ወታደር) የካሳ ክሌም (ማመልከቻ) ሳያስገባም በቀጥታ ቪኤ ሕክምና ውስጥ መመዝገብ ይችላል። የተመዘገበ ሁሉ ስለ መርዝ መጋለጥ ይጠየቃል፣ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱም ይደገማል።

እዚህ ጋ ሌባም አለ። «ክሌምህን እኛ እንሠራልሃለን፣ ካገኘኸው ላይ ይህን ያህል ትሰጠናለህ» የሚሉ ድርጅቶች በፌስቡክና በቲክቶክ እየዞሩ ነው። ለመጀመሪያ ክሌም ማዘጋጃ ገንዘብ መቀበል በሕግ የተከለከለ ነው። አሜሪካን ሊጅን፣ ቪኤፍደብልዩ፣ ዲኤቪ የሚባሉት የቬተራን ማኅበራት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች አሏቸው፣ በነፃ ይሠራሉ። አባል መሆንም ግዴታ አይደለም።

ከልጆቻችን ብዙዎቹ ናሽናል ጋርድና ሪዘርቭ ናቸው። ሌላው ወታደር ሲመለስ ሰፈሩ ውስጥ ክሊኒክ አለው፤ የእኛው ግን ሰኞ ኡበሩ ላይ ወይ ሆስፒታል ሥራው ላይ ነው፣ የሚያየው ሜዲክ የለም። ለዘመቻ የተጠራ ሪዘርቭ ከአገልግሎቱ ከወጣ በኋላ ለ180 ቀን ትራይኬር የተባለው የጦሩ የጤና መድን ይቆይለታል፣ ለቤተሰቡም ጭምር። ያንን ጊዜ ሳይጠቀሙበት ነው የሚያልፈው። ሳምባህን ታይበት፣ ጆሮህን አስለካ፣ ጥርስህን አሠራ! ጆሮ ስል ቀላል አይምሰላችሁ፤ ቪኤ ካሳ ከሚከፍልባቸው ሕመሞች ሁሉ በብዛት አንደኛው የጆሮ ጩኸት ነው።

አንድ ነገር ግን ለጦሩም ልፍረድለት። ደም የሚፈሰውን ሰው በማዳን እሱን የሚያህል የለም። የደም ማሰሪያው በየኪሱ ነው፤ አፍጋኒስታን ላይ ከ2009 ጀምሮ የቆሰለ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሕክምና ቦታ እንዲደርስ ታዞ ነበር፣ ብዙ ነፍስም ተርፏል። ቀስ ብሎ የሚመጣው በሽታ ላይ ሲደርስ ነው ሁሉ ነገር ፎርም የሚሆነው። የፎርም ነገር ደግሞ የሞላው ሰው ካልተናገረ ማንም አይናገርለትም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁን የምለምነው ይህን ነው። የአገሮቹንና የሕመሞቹን ዝርዝር ከቪኤ ድረ ገጽ ወስዳችሁ በአማርኛ አንድ ሙሉ ገጽ አውጡት። ፎርሙን የሚሞላው ልጁ ነው፣ ሌሊት ሳሉን የምትሰማው ግን እንግሊዝኛ የማታነበው እናቱ ናት። አጠገቡም ይህን ጻፉልኝ፦ ከግዳጅ የተመለሰ ልጅ የሞላቸውን ፎርሞችና የሕክምና ፋይሉን ኮፒ ጠይቆ ይያዝ፤ ዲዲ 214 የተባለው የአገልግሎት ማስረጃ ወረቀት ሲሰጠው የሄደበት አገር በትክክል መጻፉን ሳያይ አይፈርም። ከጦሩ ሊወጣ ከ180 እስከ 90 ቀን የቀረው ካለ ክሌሙን ሳይወጣ አሁኑኑ ማስገባት ይችላል። ሌሊት የጨነቀው 988 ደውሎ 1 ይጫን፤ ቬት ሴንተር የሚባሉትም በነፃ ያማክራሉ፣ የተነገራቸውን ለኮማንደርም ለቤተሰብም አያወሩም።

የትርጉም ሥራው ከከበዳችሁ የሕመሞቹን ስም በአማርኛ በመጻፍ እኔ አግዛለሁ፤ አድራሻዬ ከደብዳቤው ጋር ለእናንተ ተያይዟል።

ከሰላምታ ጋር፣
የቀድሞ ሜዲክ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ