ዶሮ ዳይኖሰር ናት ወይ ላልከኝ

አቡሽዬ የኔ አንበሳ እንዴት ነህልኝ፣ እማማስ ጉልበቷን ተሻላት? የላክልኝን ቮይስ ስራ ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት ደሞ አንዴ አይደለም ሶስቴ፣ "አባዬ ዶሮ ዳይኖሰር ናት የሚሉት እውነት ነው?" ስትል ከኋላህ የእማማ አውራ ዶሮ ይጮሃል፣ በጣም ነው የናፈቃችሁኝ። በስልክ አዎ ብዬህ ብቻ ማለፍ አልፈለኩም ለዛ ነው የምፅፍልህ፣ የከበደህን ቃል እህትህ ታንብብልህ።

እና እውነት ነው። ወፎች በሙሉ ከዳይኖሰር ዘር ነው የመጡት፣ እንደውም ሳይንቲስቶቹ ወፍ ራሷ በህይወት የቀረች ዳይኖሰር ናት ነው የሚሉት፣ ስለዚህ እማማ ጠዋት ጠዋት ጥሬ የምትበትነው ለዳይኖሰር ነው ማለት ነው።

እዚህ ቺካጎ ፊልድ ሙዚየም የሚባል አለ፣ እሁድ እረፍት ስለነበርኩ ጥያቄህን ይዤ ሄድኩ። ሱ የምትባል ቲሬክስ፣ ትልቁ ስጋ በል ዳይኖሰር ማለት ነው፣ አፅሟ ተገጣጥሞ ቆሟል፣ 12 ሜትር ናት፣ ሁለት ሚኒባስ ተከታትለው ቢቆሙ ትበልጣቸዋለች። የተገኘችው በ1990 እ.ኤ.አ ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ነው፣ አጥንት ፈላጊዎቹ የመኪናቸው ጎማ ተንፍሶ ሌሎቹ ሊያሰሩ ከተማ ሲሄዱ ሱ ሄንድሪክሰን የምትባል ሴት ቀረችና ገደሉን ስትቃኝ አጥንት ወጣ ብሎ አየች፣ በሷ ስም ሱ ተባለች እንጂ ቲሬክሷ ወንድ ትሁን ሴት እስካሁን አልታወቀም። የቆመው አፅም ላይ ያለው ጭንቅላት አምሳያ ነው፣ ዋናው በጣም ስለሚከብድ ለብቻው መስታወት ውስጥ ነው ያለው።

እኔ ግን ደንግጬ የቆምኩት ደረቷ ጋር ስደርስ ነው። ዶሮ ወጥ ላይ ፈረሰኛ አለች አይደል፣ እዛ ውስጥ ያለችው እንደ ባላ ለሁለት የተከፈለች ቀጭን አጥንት፣ እሷው ሱ ላይም አለች! ስንት አመት ሙሉ በአውዳመት ፈረሰኛ ስበላ የቲሬክስ ዘመድ አጥንት እየጋጥኩ እንደነበር ማን ነገረኝ።

የላክልኝ ስእል በጣም ያምራል፣ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ግን ቲሬክስና ስቴጎሳውረስ፣ ያ ጀርባው ላይ ሳህን የመሰለ አጥንት የተደረደረበት ዳይኖሰር፣ ሲጣሉ የሳልከው፣ እነሱ ተያይተው አያውቁም። ስቴጎሳውረስ የኖረው ከ150 ሚሊዮን አመት በፊት አካባቢ ነው፣ ሱ ደሞ ከ67 ሚሊዮን፣ ስለዚህ ቲሬክስ በጊዜ ለስቴጎሳውረስ ከሚቀርበው ይልቅ ለኔና ላንተ ይቀርባል። እኔ ይሄን ሳነብ ሁለቴ ነው በጣቴ የቆጠርኩት።

ታላላቆቹ ዳይኖሰሮች ያለቁት ከ66 ሚሊዮን አመት በፊት ነው፣ ወደ 10 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ አለት ከሰማይ ሜክሲኮ ላይ ወድቆ ጨለማና ብርድ መጣ፣ ከትናንሾቹ ወፎች ግን የተረፉ አሉ። እኛም አገር አለ አቡሽዬ፣ ሙገር አካባቢ ስቴጎሳውረስ ከኖረበት ከጁራሲክ ዘመን የቀረ የዳይኖሰር ጥርስ ተገኝቷል። ከሁሉም ትልቁ ዳይኖሰር ነው ላልከው ደሞ፣ በክብደት እስከዛሬ ከታወቀ እንስሳ ሁሉ የሚበልጠው አሁንም ባህር ውስጥ ያለው ሰማያዊ አሳነባሪ ነው።

አሁን ስራ ልስጥህ። ዝናብ ሲያባራ ጭቃው ላይ የዶሮዋን ዱካ እይ፣ ፊት ለፊት ሶስት ጣት ታያለህ፣ የቲሬክስም እንደዛው ነው፣ እግሯ ላይ ያለውንም ቅርፊት አብረህ ሳልና እህትህ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። ለገና ስመጣ ፈረሰኛዋ ያንተ ናት፣ ለእማማም ነግሬያታለሁ፣ ስጋውን ብላና አጥንቷን አጥበን እናስቀምጣታለን።

አባትህ