የጉድጓዳችን ውጤት የትኛው ነው? ለአንድ ክቡር ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ስምዎን አልጠራም፤ የቢሮዎንም አልጠራም። ለማን እንደተጻፈ ግን ጥቂት መስመር እንዳነበቡ ይገባዎታል። የጉድጓድ ውሃችን የምርመራ ውጤት ይሰጠን የሚለው ይኸው ጉዳይ ቀደም ሲል በማመልከቻ መልክ ጠረጴዛዎ ላይ ደርሷል። ያኔ «በታላቅ ትሕትና» ብዬ ጀምሬ፣ የእድራችንን ማኅተም አስመትቼ፣ በመዝገብ ቤት በኩል ነበር ያስገባሁት። ገቢ ሆነ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ስመላለስ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትለኛለች። ዘበኛው እንኳ ሰልችቶት መታወቂያ መጠየቁን ትቷል። ትሕትናዬ በማመልከቻው አልቋልና በዚህኛው ብዙ አይጠብቁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። ጅማ ነው የምኖረው። በአንድ የግል ክሊኒክ የላብራቶሪ ቴክኒሽያን ነኝ። ሰፈራችን አሮጌ ሰፈር ነው። ቤቱ ተጠጋግቶ የተሠራ ነው፤ ጉድጓዱና ሽንት ቤቱም እንደዚያው። ቧንቧው ሲጠፋ ጉድጓድ ያለው ከጉድጓዱ ይቀዳል፣ የሌለው ከጎረቤት በጀሪካን ይወስዳል። ሁላችንም ያደግነው እንዲህ ነው።

አንድ ቀን የተመራማሪዎች ቡድን መጣ። ኢንጂነሮች አሉበት፣ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ አለበት፣ አንድ ሐኪምም አብሯቸው ነበር። ከየትኛው ተቋም እንደመጡ አልናገርም፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለምና። ጥሩ ልጆች ናቸው። በዚያ ሁሉ ጭቃ ቤት ለቤት ዞሩ። የጉድጓዱን ጥልቀት ለኩ። ከሽንት ቤቱ ያለውን ርቀትም ለኩ። ቢያንስ 30 ሜትር መሆን አለበት ይባላል፤ በእኛ ግቢ ሜትሩ ተዘርግቶ እንኳ አላለቀም። ውሃ በጠርሙስ ቀዱ፣ የልጆቹን ሰገራ ለምርመራ ወሰዱ። ፎርም አንብበውልን ፈረምን። የግቢያችን እማማ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ፎርሙ ላይ ውጤቱ ለተሳታፊዎች ይገለጻል የሚል መስመር ነበረበት። ጮክ ብለው ነው ያነበቡልን።

ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። ውጤት የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን «ምርምር ጊዜ ይወስዳል» ብሎ ይታገስ ይሆናል። እኔ ግን ሥራዬ ነው። የውሃ ባክቴሪያ ምርመራ እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በስስ ማጣሪያ ታሳልፋለህ። ማጣሪያውን ባክቴሪያ የሚያድግበት ሳህን ላይ አድርገህ በ44.5 ዲግሪ ታሳድረዋለህ። በማግስቱ የበቀለውን ትቆጥራለህ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በዚያ 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ፣ ማለትም ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ፣ መገኘት የለበትም ይላል። ከሽንት ቤት የሚሰርገው ናይትሬት የሚባል ኬሚካል ከሆነ ደግሞ ሻይ ጠጥተህ ሳትጨርስ ይታወቃል። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ የጉድጓዳችን ነገር በማግስቱ ታውቋል። ያልታወቀው ለእኛ ብቻ ነው።

«አንተ ባለሙያ አይደለህም እንዴ? ለምን ራስህ አትመረምረውም?» የሚል አይጠፋም። ክሊኒካችን ያለው ማይክሮስኮፕ ነው። የናይትሬት መለኪያም፣ ለውሃ የሚሆን ኢንኩቤተርም (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሣጥን) የለንም። ቢኖረንስ? አንዴ የተመረመረን ነገር ድሃ ከኪሱ ከፍሎ ደግሞ ያስመርምር?

ከተመራማሪዎቹ አንዱን ስልክ ደውዬ አገኘሁት። ልጁ ከልቡ አፈረ። «ጋሼ፣ ሪፖርቱን ካስረከብን ቆየን። ጥናቱን ያሠራው ቢሮው ነው። ውላችን ላይ ያለ ቢሮው ፈቃድ ለማንም አትሰጡም ይላል» አለኝ። ቢሮው ማለት እርስዎ ነዎት።

ባለፈው ክረምት የጎረቤቴን ልጅ ተቅማጥና ትውከት ያዘው። ዓመት አልሞላውም። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም። በሌሊት ባጃጅ ለምነን ሆስፒታል አደረስነው፣ ግሉኮስ ተሰቀለለት። ሐኪሙ እናቱን «የምን ውሃ ነው የምትጠቀሙት?» አላት።

«የጉድጓድ።»

«ተመርምሮ ያውቃል?»

«አዎ፣ ተመርምሯል።»

«ውጤቱስ?»

እናቱ ወደ እኔ ዞረች። «ቢሮ ነው ያለው» አልኩት። ሐኪሙ ሳቀ። አልፈርድበትም፣ የሚያስቅ መልስ ነው።

ልጁ ድኗል፤ እናቱ እንደምትለው አልሐምዱሊላህ። ያሳመመው ያ ውሃ ነው ብዬ አልከስም። ማስረጃ የለኝም። ማስረጃው እርስዎ ዘንድ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው እርስዎን ደረጃው ላይ ጠብቄ ያገኘሁዎ። ያስታውሱኝ እንደሆነ አላውቅም። «ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ቁጥር ዝም ብሎ ቢለቀቅ ሕዝብ ይደናገጣል» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ በእጅዎ ሃይላንድ ይዘው ነበር። እርስዎ ቁጥሩን አይተው አልደነገጡም፤ ውሃ ብቻ ቀየሩ። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ዕድል ነው።

ስለ ድንጋጤ ካነሱ አይቀር እኛ አሁን እንዴት እንደምንኖር ልንገርዎ። ችግሩ ባክቴሪያ ብቻ ከሆነ ማፍላት ይበቃናል። ጅማ ከ2,000 ሜትር በታች ስላለች ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ማቆየት ነው፤ 3 ደቂቃ የሚባለው ለደጋው ነው። ይህን ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬያለሁ። የደፈረሰ ከሆነ ደግሞ ከፋርማሲ የምንገዛውን የውሃ ክሎሪን ድፍርሱ ይበላዋል፤ መጀመሪያ ማጥለል ያስፈልጋል። ልጆቹ ላይ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው የአንጀት ተውሳክ ተገኝቶ ከሆነ በተለመደው መጠን ክሎሪን እሱን አይገድለውም። ጃርዲያ ተገኝቶ ከሆነም መድኃኒቱ ርካሽ ነው፣ የትም አለ። ግን ለየትኛው ልጅ?

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ናይትሬት ነው። ከሽንት ቤት ወደ ጉድጓድ ሲሰርግ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይጠነክራል። ከ50 ሚሊ ግራም በሊትር ካለፈ በጡጦ ለሚያድግ ጨቅላ አደገኛ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተውና ልጁ ይጠቁራል። ያቺ እናት ከሆስፒታል ከተመለሰች ወዲህ ውሃውን ደህና አድርጋ ታፈላለች፣ በእሱ የዱቄት ወተት ትበጠብጣለች። እኔ ነኝ አፍይ ያልኳት። በደንብ እየሠራች ይሁን ልጇን እየመረዘች የሚነግራት ቁጥር መሳቢያዎ ውስጥ ነው። ድንጋጤ ማለት ይህ ነው፣ ክቡርነትዎ።

«ተረጋጉ» ማለት እርስዎ የጀመሩት ነገር አይደለም። አሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ውስጥ ፍሊንት የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ ውሃዋ ከፍሊንት ወንዝ እንዲመጣ ተደረገ። ቧንቧውን እንዳይበላው የሚጨመረው ኬሚካል ግን አልተጨመረም። ውሃው አሮጌዎቹን ቧንቧዎች እየበላ እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት ይዞ ቤት ገባ። ነዋሪው ሲጮህ የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቃል አቀባይ በ2015 ስለ እርሳስ የምትሰጉ ሰዎች ተረጋጉ አሏቸው። ከቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የመጡት የምህንድስና ፕሮፌሰር ማርክ ኤድዋርድስ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው ለነዋሪው የናሙና ጠርሙስ አደሉ፣ መረመሩ፣ ውጤቱን ለዚያው ለነዋሪው ነገሩ። ሞና ሃና-አቲሻ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ደግሞ የልጆቹ ደም ውስጥ ያለው እርሳስ መጨመሩን በአደባባይ አወጡ። ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ አጣጣሉባቸው። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከተማዋ ወደ ቀድሞው የዲትሮይት ውሃ ተመለሰች።

ኢንጂነርና ሐኪም። እኛ ሰፈር የመጣውም ያው ዓይነት ቡድን ነው። እዚያ ግን ውጤቱ ውሃውን ለሚጠጣው ሰው ደረሰ። እዚህ እርስዎ ጋ ቆመ።

ሙሉ በሙሉ ቆመ ማለት እንኳ አይቻልም። ሆቴል ድረስ ሄዷል። ወርክሾፕ አዘጋጅታችሁ ነበር፤ ባነሩን፣ አበባውን፣ የሻይ እረፍቱን በፌስቡክ ገጻችሁ ላይ አይተናል። አበል እንደነበረው መጠርጠር ኃጢአት አይመስለኝም። ከፎቶዎቹ በአንዱ ላይ ከተናጋሪው ጀርባ ስክሪን አለ፣ ስክሪኑ ላይ ግራፍ አለ። ስልኬ ላይ አጉልቼ አየሁት። ጉድጓዶቹ በቁጥር ተደርድረዋል። አንደኛው ዘንግ ቀይ ነው፣ ከሌሎቹ እጥፍ ይረዝማል። የእኛ ይሁን የሌላ ሰፈር አላውቅም። ቁጥሩ የተጻፈው ጠርሙሱ ላይ እንጂ ጉድጓዱ ላይ አይደለማ። ፎቶው በሰፈሩ ቴሌግራም ዞረ። አሁን ሁሉም ቀዩ የጎረቤቱ ነው ይላል። ከአንድ ጉድጓድ ሲቀዱ የኖሩ ሰዎች በዚህ ተኮራርፈዋል። ሕዝብ እንዳይደናገጥ ብላችሁ ያደረጋችሁት ይህን ነው።

ሕጉን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት ይሰጠኛል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ጥያቄዬ በአጭር ጊዜ፣ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት ይላል። የተከለከለም ከሆነ ምክንያቱ ተጽፎ ይሰጠኛል። ደረጃ ላይ የተነገረኝ «ይደናገጣል» የጽሑፍ መልስ አይደለም። በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር የሚመራበት የሄልሲንኪ መግለጫም በ2013 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል ተሳታፊዎች የጥናቱን አጠቃላይ ውጤት የማወቅ ምርጫ ሊሰጣቸው ይገባል ብሏል። የልጆቹ ስም ምስጢር ይሁን፤ ትክክል ነው። የጉድጓድ ገመና ግን ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ በጅማ መሆኑ ደግሞ የበለጠ ያበሽቀኛል። እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ እዚህ ሲከፈት ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ኅብረተሰቡ መሀል ይማር ተብሎ ነው። በኋላም ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ይኸው መንገድ ቀጠለ፤ የሚኮራበት ነው። እናቶቻችን ለስንት ዙር ተማሪ በር ከፍተዋል፣ ቡና አፍልተዋል። አቤት የተሞላው መጠይቅ! በቡና እጠባ ወራት ከማጠቢያዎቹ የሚለቀቀው ፍሳሽ የወንዙን ኦክስጅን እንደሚጨርስ ተጠንቷል። አዌቱ የከተማውን ቆሻሻ ተሸክሞ እንደሚወርድም ተጠንቷል። በእንግሊዝኛ ታትሟል። አዌቱ ዳር ልብስ ለምታጥበው ሴት ግን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ማን ነገራት? ይህ የእርስዎ ቢሮ ጥፋት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሆኖም እኔ መሳቢያውን የማውቀው የእርስዎን ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሪፖርቱን በሙሉ አልፈልግም፤ መግቢያውንም፣ ምስጋናውንም፣ የቢሮዎን አርማም ይያዙት። የጉድጓዳችንን ቁጥር፣ ከቁጥሩ አጠገብ የተጻፈውን የኢ. ኮላይና የናይትሬት መጠን ይስጡን። በአንድ ወረቀት ጽፎ እድሩ ቤት መለጠፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሰገራቸው የተመረመረው ልጆች ውጤትም ለየወላጁ ይሰጥ። ለወደፊቱ ደግሞ ከተመራማሪ ጋር ውል ስትፈራረሙ «ያለ ፈቃድ ለማንም አይሰጥ» የምትለዋን መስመር ስትጽፉ ውሃውን ለሚጠጣው ሰው አንድ ቦታ ተዉለት።

የሚቀጥለው ማመልከቻዬ የሚሄደው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ፋይሉ ጠፍቷል እንዳይሉኝ፣ ገቢ የተደረገበት ማኅተም ያለበት ፎቶ ኮፒ በእጄ ነው። የስብሰባ ቀን ካልሆነ ሰኞ ጠዋት በርዎ ላይ ነኝ።

ከጅማ፣
ውጤቱን ከሚጠብቁት አንዱ

ግልባጭ፦
ለእድራችን ጽሕፈት ቤት
ውጤቱን ለጠየቀን ሐኪም
በአውራ ጣታቸው ለፈረሙት እማማ (የሚያነብላቸው እኔ ነኝ)