ለዓለም ዋንጫው ገበታ

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔም ቤተሰቤም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከጻፍኩልህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ስልኩ እያለ ለምን ጠፋህ ብትለኝ የምሰጥህ ምክንያት የለኝም፤ ዛሬ ነገ ስል ዝምታው ራሱ ዕዳ ሆነብኝ። አሁን ብዕር ያስነሣኝ እህትህ ለፋሲካ እንኳን አደረሳችሁ ስትለን የነገረችኝ ነገር ነው፤ የዓለም ዋንጫው እዚያው አሜሪካ ስለሚደረግ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤትህ የልጆቹ ሁሉ መሰብሰቢያ እንደሚሆን፣ ሐኪምህ ግን ስለ ደም ግፊትህና ስለ ስኳርህ ጠንከር ያለ ቃል እንደተናገረህ፣ አንተም «ታዲያ እንግዳ ጠርቼ ካሮት ላቅርብ?» ብለህ እንደሳቅህ አጫወተችኝ። ካሮት ማቅረቡን እኔ ሞክሬው ስለማውቅ የደረሰብኝን ልንገርህ።

ነሐሴ 4 ቀን 2016፣ የፓሪሱ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ዕለት፣ ጎረቤቶቼንና የሥራ ባልደረቦቼን ቤቴ ጠርቼ ነበር። የግፊት መድኃኒት ከጀመርኩ ገና አንድ ወር ሆኖኝ ስለነበር፣ አዲስ እንደመነኮሰ ሰው በምግብ ላይ ጨክኜ፣ ካሮትና ኪያር በጣት በጣት ቆርጬ በትልቅ ሰሃን ደርድሬ ጠበቅኋቸው። ሩጫው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተጀመረ፤ ሯጮቹ ወደ ቬርሳይ የሚወስደውን መንገድ ሳይጨርሱ አንዱ ባልደረባዬ ስልክ የሚያነጋግር መስሎ ወጣና ሦስት ትልልቅ ከረጢት የድንች ቺፕስ ታቅፎ ተመለሰ። ካሮቱ እንደተደረደረ ዋለ።

እኔ ግን ያን ቀን ከሩጫው እኩል የሰዎቹን እጅ ስመለከት ነበር። ሯጮቹ ተከማችተው በሚጓዙበት ጊዜ እጅ ሁሉ ከሰሃን ወደ አፍ ያለ ዕረፍት ይመላለሳል፤ ታምራት ቶላ ተነጥሎ ሲወጣ ደግሞ ሁሉም ባለበት ቀጥ አለ፤ ጎረቤቴ አንዲት ቺፕስ በሁለት ጣቱ ይዞ አፉ አጠገብ እንዳደረሳት ረስቷት ቀረ። ታምራት በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒኩን ክብረ ወሰን አሻሽሎ ሲገባ፣ ገዛኸኝ አበራ በ1993 ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ወዲህ የወንዶች ማራቶን ወርቅ ናፍቆን የኖርን ሰዎች ተቃቅፈን ዘለልን። ከረጢቶቹ ባዶ ነበሩ፤ ማን እንደጨረሳቸው የሚያስታውስ ግን አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ የገባኝ ነገር ቢኖር ጨዋታ የሚያይ ሰው ርቦት እንደማይበላ ነው፤ እጁ ሥራ ስለፈታ ነው የሚበላው። ስለዚህ ካሎሪ ከመቁጠርህ በፊት እጅን የሚያሠራ ነገር አቅርብ። በማግስቱ በሴቶቹ ማራቶን ላይ፣ ሩጫው ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ አንድ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት አደልኩ፤ ትዕግስት አሰፋ በ3 ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ ስትወጣ የብዙዎቹ በቆሎ ገና ግማሽ ላይ ነበር። ያልተላጠ ብርቱካን፣ ቅርፊቱ እየተላጠ የሚበላ የባቄላ አሹቅ፣ ከነልጣጩ ያለ ለውዝ፣ ሁሉም እንዲሁ እጅን ያዘገያሉ። ለውዙን ግን በትንሽ ሲኒ እየሰፈርክ ስጥ፤ 100 ግራሙ ወደ 570 ካሎሪ ስለሚጠጋ በጎድጓዳ ሳህን መሃል ላይ የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

ቆሎን ለአንተ ማስተማር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል፤ ነገር ግን እዚያ በየሱቁ በከረጢት የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ጨውና ዘይት የነካው ስለሆነ የጀርባውን ጽሑፍ ሳታነብ አትግዛ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው የሚመክረው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እኛ ደግሞ ጨውን ጨው ብለን የምንቆጥረው ከጨው ዕቃው ሲወጣ ብቻ ነው፤ ሚጥሚጣው ውስጥ ያለውን፣ በርበሬው ሲዘጋጅ የተጨመረውን፣ አዋዜው ውስጥ የገባውን ማን ይቆጥራል? እኔ አሁን ቃሪያ፣ ሎሚና ከሙን አብዝቼ ሚጥሚጣውን በጥቂቱ ብቻ አቀርባለሁ፤ እስካሁን ጨው አነሰው ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እርሱም አማቴ ናቸው።

ቺፕሱን የሚተካ ነገር ከፈለግህ ሽምብራ ነው። ሌሊቱን ዘፍዝፈህ ትቀቅለዋለህ፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ እያሸህ ውሃው እስኪጠፋ ታደርቀዋለህ፤ በጥቂት ዘይትና በከሙን ለውሰህ ጥርስ ሥር እስኪቆረጠም ድረስ ምድጃ ውስጥ ታቆየዋለህ። ማድረቁን አትቸኩልበት፤ እርጥቡን ያስገባኸው እንደሆነ እንደ ላስቲክ ይሳባል። የምስር ሳንቡሳንም ላዩን በዘይት ቀባ አድርገህ በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ መጋገር ትችላለህ። በዘይት ከተጠበሰው እኩል ይጥማል ብዬ አልዋሽህም፤ ትኩስ ትኩሱን ከተበላ ግን ማንም አያማርርም። አዚፋን ደግሞ እንጀራ ላይ ቀብተህ፣ ጠቅልለህ፣ በጣት ርዝመት ብትቆራርጠው ሰሃን ሳያስፈልግ ይበላል።

እነዚህ ሁሉ የጾም መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያውን አይተኸዋል? ውድድሩ ሰኔ 4 ተጀምሮ ሐምሌ 12 ያበቃል፤ የሰኔ ጾም ደግሞ ግንቦት 24 ገብቶ ሐምሌ 5 ይፈታልና ከመክፈቻው እስከ ሩብ ፍጻሜው ያለው ጨዋታ በሙሉ ጾም ውስጥ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ፍጻሜም ረቡዕ ላይ ስለዋለ ክትፎ የምታወጣበት ቀን እምብዛም አይተርፍህም። የሰኔ ጾም የቄስ ጾም ነው የሚሉት ጓደኞቻችን እንደሚያስቸግሩህ አውቃለሁ፤ ለእነርሱ ሲባል ግን ሁለት ዓይነት ገበታ አታዘጋጅ።

መጠጡን በአጭሩ ልለፈው። እዚያ በ355 ሚሊ ሊትር ጣሳ የሚሸጠው ኮካ ኮላ 39 ግራም ስኳር አለው፤ 10 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፤ በአንድ ጨዋታ ደግሞ ሰው በአንድ ጣሳ አይቆምም። ሎሚ የተጨመረበት ቀዝቃዛ ውሃ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ለስላሳው ወጥ ቤት ይሁን፤ የፈለገ ተነሥቶ ይቅዳ።

የአጎቴ ልጅ ግንቦት 15 ወደ እናንተ ትበራለች። እናቴ የሸከሸኩትን ገብስ ራሴ ቆልቼ ሁለት ኪሎ አስይዣታለሁ፤ ጨው የሚባል ነገር አልነካውም። ከደረሰህ በኋላ ብትጨምርበት ግን አላየሁም፣ አልሰማሁም። የፍጻሜው ዕለት ቤትህ ስንት ሰው እንደሚሆን ጻፍልኝ፤ መልስህ እንደኔው ሁለት ዓመት እንዳይፈጅ አደራ።

የዘወትር ወዳጅህ