ለደንበኞቻችን፦ የላይኛውን ወለል ለምን እንደምናነሳ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ደብረ ብርሃን ላይ ሕንፃ በካርቦን ፋይበር ስናጠናክር የምትጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ። «ማጠናከር የምትፈልጉት ኮለኑን (ምሰሶውን) ነው፤ ታዲያ ለምን የላይኛው ፎቅ ሴራሚክ ይነሳል?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ወጪ አለው።

ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) በሌለው ሶሌታ (የአርማታ ወለል) ጭነቱ ወደ ኮለኑ የሚገባው አናቱ ዙሪያ ባለች ጠባብ ቦታ ነው። ሶሌታው ከኮለኑ ግራና ቀኝ ወደ ታች ስለሚጎብጥ፣ እዚያ ቦታ የሚለጠጠው የላይኛው ፊቱ ነው። ስንጥቁም የሚጀምረው ሴራሚኩ ስር ነው። ከታች ሆኖ የሚያይ ሰው ምንም ላይታየው ይችላል። አቅሙ ሲያልቅ ኮለኑ፣ የድንኳን ምሰሶ ሸራ እንደሚበሳው፣ ሶሌታውን ድንገት ይበሳዋል። በ1995 እ.ኤ.አ. ሴኡል ውስጥ የወደቀው የሳምፑንግ የገበያ ማዕከል እንዲህ ዓይነት ሕንፃ ነበር። ኮለኖቹ ቀጥነው፣ ጣሪያው ላይ ከባድ የማቀዝቀዣ ማሽኖች ተጭነውበት፣ 502 ሰው ሞተበት። ጣሪያ ላይ ታንከር ከመጨመራችሁ በፊት አማክሩን የምንለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሴራሚኩን አንስተን የሶሌታው የላይኛው ፊት ላይ የምንለጥፈው የካርቦን ፋይበር (ቀጭን፣ ጠንካራ ንጣፍ) ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቱ የብረትን አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ ሲሳብ ግን ከተለመደው ፌሮ በብዙ እጥፍ ይበረታል። በኮለኑ ዙሪያ በሁለቱም አቅጣጫ ሲለጠፍ ስንጥቁ እንዳይከፈት ይይዘዋል።

ዋናው ሥራ ግን ማጣበቁ ነው። አርማታውን ጠጠሩ እስኪታይ በግሪንደር እንፍቃለን፤ አቧራውን በማሽን እንስባለን። ከዚያ የአርማታውን ጥንካሬ ለመፈተን ትንሽ ብረት አጣብቀንበት ወደ ላይ እንስባለን። አርማታው በካሬ ሚሊ ሜትር ቢያንስ የ1.5 ኒውተን ጉልበት ካልቻለ አንለጥፍም። አርማታው ራሱ ከተላጠ ካርቦኑ ምን ይይዛል?

ብርዱም አለ። ካርቦኑን የምናጣብቅበት ሙጫ ኢፖክሲ ይባላል፤ ብዙው ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች በቅጡ አይደርቅም፤ የደብረ ብርሃንን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ታውቁታላችሁ። ክፍሉን ሸፍነን የምናሞቀው፣ ቀኑም የሚረዝመው ለዚህ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሙጫው ባልዲው ውስጥ እንዳይደርቅብን ጥቂት ጥቂት እያልን እናዋህዳለን።

ይህ ዘዴ ለሁሉም አይሆንም። ሙጫው 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምር ከእሳት መከላከያ ያስፈልገዋል። ስሌቱ ትልቅ ጉድለት ካሳየም በካርቦን ብቻ አንሞክረውም፤ ሶሌታውን በቦልት ማሰር ወይም ኮለኑን ማወፈር ይሻላል እንላችኋለን።

የሕንፃው የስትራክቸር ፕላን ካላችሁ ይዛችሁ ኑ። ሥራው ካለቀ በኋላም ኮለኑ አካባቢ ለቧንቧ ሆነ ለመብራት መስመር ወለሉን ከመብሳታችሁ በፊት ደውሉልን። ካርቦኑ ከተቆረጠ ጭነት አይዝም።

ከአክብሮት ጋር