ለአባባ፤ ስለ ውሃ ዳር ጉዟችሁ

ውድ አባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የእማዬ ወገብስ ተሻላት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከእድር ጓደኞችዎ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ ዳር እየሄዳችሁ እግራችሁን ልታፍታቱ እንደተስማማችሁ እህቴ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። በእናንተ ዕድሜ ላለ ሰው ከዳገት ውሃ ዳር ይሻላል። ብቻ ውሃ ዳር ሜዳ ስለሚመስል ያዘናጋል። በስልክ ብነግርዎ ግማሹ ስለሚረሳ፣ ከቱሉ ዲምቱ ጠዋት ወጥታችሁ ለምሳ ቤታችሁ የምትገቡባቸውን ቦታዎችና መጠንቀቅ ያለባችሁን ነገር እዚህ ጽፌልዎታለሁ። ለጓደኞችዎም ያንብቡላቸው።

መስከረም ገና እየወጣ ስለሆነ አትቸኩሉ። ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ ያለው መሬት አብዛኛው መረሬ የሚባለው ጥቁር ጭቃ አፈር ነው። መረሬ ሲርስ ያብጣል፤ ጫማ ሥር እየተደራረበ ሁለት ሦስት ጣት ይወፍራል። እግር ሲከብድ ሰው ሳያውቀው ጉልበቱን ያጣምማል፣ መውደቅ የሚመጣውም ከዚያ ነው። ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ከጥር በኋላ ስንጥቁ ምርኩዝ የሚውጥ፣ ቁርጭምጭሚት የሚያዞር ይሆናል። ስለዚህ ደህናው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። በመሃል ሌሊቱን ዝናብ ከጣለ ሁለት ቀን ጠብቁ። በበጋ ለመሄድ ካሰባችሁ ከብት የሚሄድበትን መንገድ አትልቀቁ፤ ኮቴ ስለሚደፈጥጠው ስንጥቁ ይደፈናል። ጤፉ እስኪታጨድ ድረስ ድንበር ድንበሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለማሳውን ሰላም ማለት እንደማትረሱ አውቃለሁ።

ለመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ቢሾፍቱ ይሻላችኋል። በዱከም በኩል በሚያልፈው ሚኒባስ ሂዱ፣ ከዚያ ባጃጅ ያዙ። የባጃጁን ዋጋ ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ፤ ስልኩንም ተቀበሉትና በስንት ሰዓት መጥቶ እንደሚወስዳችሁ ቁረጡ። የቢሾፍቱ ከፍታ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከእናንተ ሰፈር ይሞቃል። ጠዋት በጋቢ ወጥቶ ረፋዱ ላይ ጋቢ ተሸክሞ መሄድ አድካሚ ነውና ሹራብና ነጠላ ይበቃል።

የጨለለቃ ሐይቅ ዳር ሜዳ ነው፣ ለጉልበት የሚመች። ጥልቀት የሌለው ውሃ በመሆኑ ከክረምት በኋላ ይሰፋል፣ በበጋ ይሸሻል። ባለፈው ዓመት የሄዳችሁበት ዳር ዘንድሮ እዚያው ላይገኝ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ የሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ ውሃው የሸሸበት ሜዳ ላይ መሄድ ጭቃና አቧራ ብቻ ነው። ውሃ ካለ ግን ወፉ ብቻውን ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው፤ የሩቅ ማያ መነጽር ያለው ሰው ይዞ ይምጣ።

ሆራ፣ ባቦጋያና የቢሾፍቱ ሐይቅ ሌላ ጠባይ አላቸው። በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ናቸው፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ብቻ 87 ሜትር ገደማ ይጠልቃል። ዳሩ ቀስ እያለ የሚጠልቅ እንዳይመስላችሁ፤ እግር ለመታጠብ እንኳ አትግቡ። ከአፋፉ ወደ ውሃው መውረድ ቀላል ይመስላል፤ ጉልበት የሚጎዳው ግን ቁልቁለቱ ነው፣ ሰውነት ሲወርድ ክብደቱን በሙሉ የፊት ጭኑና ጉልበቱ ላይ ስለሚጥል። የእኔ ምክር አፋፍ አፋፉን ሄዳችሁ ሐይቁን ከላይ እንድታዩት ነው፤ እይታውም ከላይ ይበልጣል። ሐይቁን ዙረን እንጨርሳለን አትበሉ፤ ብዙው ዳር በሆቴልና በሎጅ አጥር ተይዟል። በሄዳችሁበት ተመለሱ። ኢሬቻ ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ ሆራ አርሰዲ ስለሚከበር በዚያ ሰሞን ለክብረ በዓሉ ካልሆነ በቀር ለእግር ጉዞ አትምረጡት፤ መንገዱ ይዘጋል።

አሁን ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ልምጣ፤ ለእናንተ ቅርብ እሱ ነው፤ ብዙ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ከእንጦጦና ከዙሪያው ተራሮች ወርደው፣ ከተማውን አቋርጠው ወደዚያ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይገባሉ። ከግድቡ ወዲያ ውሃው አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ እንደሚያውቁት ባሕር አይደርስም፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል።

ወንዝ የቆመ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱን ያጣል፤ የተሸከመውንም በየተራ ይጥላል። መጀመሪያ ጠጠሩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን፣ በመጨረሻ ደለሉን። ስለዚህ ከወንዙ ወደ ሐይቁ በተጠጋችሁ ቁጥር መሬቱ እየለሰለሰ ይሄዳል። ላዩን ፀሐይ አድርቆት ጠንካራ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ገንፎ ነው። ፊት የሚሄደው ሰው ምርኩዙን ተክሎ ይጫነው፤ ከስንዝር በላይ ከገባ ሁላችሁም ተመለሱ። ጠጠር ከእግራችሁ ሥር እስከተሰማ ድረስ ደህና ናችሁ። እምቦጭ የሸፈነው ቦታ ደግሞ ጨርሶ አይታመንም፣ መሬቱ የት እንዳበቃና ውሃው የት እንደጀመረ ስለማይታይ።

ምናልባት የአንዱ እግር ጭቃ ከያዘው ወደ ላይ አይጎትት፤ አንዱን ሲጎትት ሌላው ይሰምጣል። ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ወይም ቁጭ ብሎ፣ ምርኩዙን አግድም አስተኝቶ ይደገፍበትና እግሩን በቀስታ ያወዛውዘው። እግሩን አጣብቆ የያዘው ጭቃ ውስጥ ውሃና አየር ሲገባ ይለቀዋል። ጫማው ቢቀር ይቅር። ሌላው ሰው ተጠግቶ እጅ አይሳብ፣ ከጠንካራው መሬት ላይ ሆኖ ነጠላ ወይም ዱላ ያቀብል።

ከጭቃው የሚብሰው ደራሽ ውሃ ነው። በቴሌቪዥን የምታዩዋቸው፣ ወንዝ ውቅያኖስ በሚገባበት አፍ ላይ የሚንሸራሸሩ ሰዎች የሚፈሩት የባሕሩን መሙላት ነው፤ ግን ባሕር ሰዓቱን ያከብራል። ብዙ ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ከሙላት እስከ ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሰዓቱም አስቀድሞ ተሰልቶ ይታተማል። አቃቂ እንዲህ ያለ ሰሌዳ የለውም። እንጦጦ ላይ የዘነበው ዝናብ እናንተ ጋ ሲደርስ ራሳችሁ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ እየሞቃችሁ ሊሆን ይችላል። አስፋልቱና ቆርቆሮው ውሃ ስለማይመጥ ከተማው ዝናቡን ቶሎ ወደ ወንዙ ይለቀዋል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት እንጦጦ ሥር፣ ሽሮ ሜዳ ያለችው አክስቴ ጋ ደውላችሁ ማታ ወይም ሌሊት ዘንቦ እንደሆነ ጠይቋት። ከዘነበ ወንዙን አትሻገሩ፣ ከፍ ያለውን ዳር ያዙ። በመንገድ ላይ ሳላችሁ ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ገለባና ፕላስቲክ መግፋት ከጀመረ ወይም ከላይ በኩል ጉምጉምታ ከሰማችሁ፣ ዕቃ ለመሰብሰብ ሳትቆሙ ወደ ላይ ውጡ። ወደ ከፍታው እንጂ ከውሃው ጋር ወደ ታች አይሮጥም።

የአቃቂ ውሃ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካውን ዝቃጭ ይዞ ስለሚመጣ እጅ አይታጠቡበትም። በዳሩ የሚበቅለውን ሰላጣ ጥሬውን አትቅመሱ፤ የእጅ መታጠቢያ ውሃ በሌላ ጠርሙስ ያዙ። ግድቡ ዘንድ የኃይል ማመንጫ ስላለ ፎቶ ለማንሳት አትሞክሩ፣ ከጥበቃ ጋር ክርክር አያስፈልጋችሁም። ከኅዳር ጀምሮ ግን በዙሪያው ባለው የታጨደ ማሳ ላይ ከሰሜን አገር ብርድ የሸሹ ሽመላዎች ይሰፍራሉ፤ እሱን ሳታዩ እንዳትቀሩ።

አካሄዱን በተመለከተ፣ የሚመልሳችሁ ቦታ ሳይሆን ሰዓት ይሁን። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ መራመድ ጀምሩ፣ 2 ሰዓት ተኩል ሲል የትም ብትሆኑ ዙሩ። መመለሻው ሁልጊዜ ይረዝማል፣ እግሩም ፀሐዩም ተጨምሮበት። በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ለእናንተ ጥሩ እርምጃ ነው፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ግን ደርሶ መልስ ከ40 ደቂቃ አትለፉ። በጣም ቀርፋፋው ሰው ፊት ይሁን። ኋላ ከሆነ ሌሎቹ ቆመው ሲጠብቁት ያርፋሉ፣ እሱ ሲደርስ እነሱ ይነሳሉ፣ ሳያርፍ ይውላል። እየሄዳችሁ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው፤ እናንተን ደግሞ ወሬ የሚያሳጣችሁ ነገር ቀላል አይሆንም።

እርስዎ ምርኩዙን የሚይዙት በሚያመዎት ጉልበት በኩል እንደሆነ እህቴ ነግራኛለች። በሌላው እጅ ይያዙት፤ የሚያመው እግር ሲራመድ ምርኩዙ አብሮ ወደፊት ይሂድ፣ ያኔ ክብደቱን ይካፈለዋል። ቁመቱ፣ ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ቆመው እጅዎን ሲያንጠለጥሉ እጀታው የእጅዎ አንጓ ላይ የሚደርስ ይሁን።

ውሃ ለአንድ ሰው 1 ሊትር ያዙ፣ ሳይጠማችሁ ቶሎ ቶሎ ጎንጨት በሉ። ስንቁ በሶ ጭብጦ፣ ቆሎና ሙዝ ይበቃል፤ ስኳር ያለበት ጓደኛችሁ ከረሜላ በኪሱ ይያዝ። ከቅዳሜ ሌላ ቀን ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በጾም ወራት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ፣ መንገዱን ተዉት። የደም ግፊት መድኃኒትዎን ለጉዞ ብለው አይዝለሉ፤ የሚያሸናው ክኒን ላይ ሐኪምዎን ያማክሩ። ካረፉበት ሲነሱ ትንሽ ቆመው ይራመዱ፣ እንዳያዞርዎ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት። ሲደውሉ ግን የሰፈሩን ስም ወይም የቅርቡን ቤተ ክርስቲያን ካልነገሯቸው አያገኟችሁም፣ ስለዚህ ከባጃጅ ስትወርዱ ጠይቃችሁ ያዙ።

የቀረው ጫማ ነው። ያ ሶሉ ያለቀው ለመረሬ አይሆንም። ማታ፣ እግርዎ አበጥ ሲል፣ ወረቀት ላይ ቆመው ዙሪያውን በእርሳስ ያስምሩና እህቴ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። ቁልቁለት ላይ ጣት እንዳይገጭ ከፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት የሚተው ገዝቼ ለኅዳር ሚካኤል ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ሰፈር ውስጥ፣ አስፋልቱ ላይ እየተራመዳችሁ ቆዩ።

እማዬን ሳሙልኝ። ጓደኞችዎንም ሰላም በሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ