የጥያቄሽ መልስ ከቩርዝቡርግ፣ ጀርመን

ይድረስ ለውድ እህት ዓለሜ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽ እንዴት ናቸው? ልጆችስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼብሻለሁ። አባባ በስትሮክ ማረፋቸውን የሰማሁ ዕለት ስልኩን አነሳሁ፤ ምን ብዬ እንደማጽናናሽ ጠፋኝና መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲያ ቀኑ በረዘመ ቁጥር እፍረቱ ከበደኝ። ነፍሳቸውን ይማር፤ አንቺም ይቅር በይኝ።

ዛሬ ለመጻፍ ያስቀመጠኝ ያንቺው ጥያቄ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለን፣ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ደም ቀድተን አስተማሪያችን «በቱቦው ውስጥ ያለው ኤዲቲኤ ካልሲየሙን ስለሚይዘው ደሙ አይረጋም» ሲሉን፣ ስለ ፕሌትሌት፣ ደም ስለምታረጋው ትንሽ የደም ሕዋስ፣ ልትጠይቂ እጅሽን አወጣሽ። «ፕሌትሌት የራሷ ካልሲየም በሆዷ እያላት የውጪውን ለምን ትፈልጋለች? በየትስ በር ታስገባዋለች?» አልሽ። መልስ ሳታገኚ ደወል ተደወለ።

ባለፈው ሐሙስ ማታ መልሱን በዓይኔ አየሁት።

ፕሌትሌት ሳትነቃ በውስጧ ያለው ነጻ ካልሲየም በደሙ ውስጥ ካለው አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ያንሳል። ፓምፖቿ ያለ ዕረፍት ከፊሉን ወደ ውጪ ይገፉታል፣ ከፊሉን በሆዷ ባለው የቱቦ መረብ ያከማቹታል። ይህን መረብ ጎተራ ልበልልሽ። ደም ሥር ተቆርጦ በግድግዳው ውስጥ ያለው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ሲገለጥ ወይም ደም የሚያረጋው ኤንዛይም፣ ትሮምቢን፣ ሲነካት፣ በውስጧ አይፒ-3 የሚባል መልእክተኛ ተፈጥሮ ጎተራውን ይከፍተዋል።

እኔ ሐሙስ ዕለት የታጠቡ ፕሌትሌቶችን ፉራ-2 የሚባለውን ቀለም አጠጥቼ፣ ካልሲየም በሌለው ፈሳሽ መሣሪያው ውስጥ አስቀመጥኳቸው። 340 እና 380 ናኖሜትር ብርሃን እየተፈራረቀ ያርፍባቸዋል፤ ከሁለቱ ንጽጽር የካልሲየሙ መጠን ይሰላል። ከዚያ ካልሲየምን ወደ ጎተራው የሚመልሰውን ፓምፕ የሚያቆመውን ታፕሲጋርጊን ጨመርኩ። ጎተራው እያፈሰሰ ተራቆተ፤ ስክሪኑ ላይ ዝቅ ያለች ጉብታ ወጥታ ወረደች። የራሷ ስንቅ ይህችው ነበረች። ጥቂት ደቂቃ ጠብቄ ካልሲየም በፒፔት ጠብ ሳደርግ መስመሩ ሽቅብ ወጣ፤ የፊተኛዋን ጉብታ አልፎ ሄዶ እዚያው ከፍታ ላይ ቆየ። እጄ ፒፔቱን እንደያዘ አንቺን አሰብኩ።

በሩ ኦራይ1 የሚባል ፕሮቲን ነው። ስሙ በግሪኮች ተረት የሰማይን ደጅ ከሚጠብቁት የተወሰደ ነው። በሩን የሚያስከፍተው ግን ስቲም1 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው፤ ጎተራው ግድግዳ ላይ ተተክሎ በውስጥ በኩል ያለውን ካልሲየም ይዳስሳል። ጎተራው ሲጎድል ከመሰሎቹ ጋር ይሰበሰብና የሕዋሱን የውጪ ሽፋን ተጠግቶ ኦራይ1ን ይከፍታል። የበሩ ቁልፍ የጎተራው ባዶነት መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል! ሌሎችም በሮች አሉ፤ ፒ2ኤክስ1 ለምሳሌ ኤቲፒ በሚባል ሞለኪውል በቅጽበት ይከፈታል፣ ቶሎም ይዘጋል።

የውጪው ለምን ያስፈልጋል ላልሽው፣ የጎተራው ካልሲየም ሥራ ያስጀምራል እንጂ አያዘልቅም። ከፍ ብሎ የሚቆይ ካልሲየም ሲኖር በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ተደብቆ የነበረው ፎስፋቲዲልሴሪን የሚባለው ስብ ወደ ውጪ ይገለበጣል፤ የደም ማርጊያ ፕሮቲኖችም በዚያ ላይ ተሰብስበው ትሮምቢንን በብዛት ያመርታሉ።

አሁን አባባን ወዳስታወሰኝ ነገር ልምጣ። በዚሁ በቩርዝቡርግ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ፕሌትሌታቸው ስቲም1 የሌለውን፣ በ2009 ደግሞ ኦራይ1 የሌለውን አይጦች መርምረው ነበር። የካልሲየሙ መግቢያ ሲጓደል የረጋ ደም የአንጎል ደም ሥር ዘግቶ ከሚያደርሰው ጉዳት በእጅጉ ተጠብቀው ተገኙ። ስቲም1 በሌላቸው ላይ የደም መፍሰሻ ጊዜው የተራዘመው በመጠኑ ብቻ ነው። አይጥ ሰው አይደለችም፣ አውቃለሁ። ሆኖም ጽሑፉን ያነበብኩ ሌሊት አባባ በረንዳ ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ሬዲዮ ሲያዳምጡ ታዩኝ፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የፊታችን እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ እደውልልሻለሁ። በዚህኛው ቀን ስልኩን መልሼ አላስቀምጠውም።

ያንቺው፣
የላቦራቶሪ ጎረቤትሽ